አራተኛው ጎማ

አባቴ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ጠዋት፣ ገና ከአልጋቸው ሳይነሱ፣ ሁለት ነገር አዘዙኝ። ሸቬሏን፣ አሮጌዋን መኪናችንን፣ ወደ መሬት ዝቅ እንዳደርጋት፤ ከዚያ የኤሎይን ጎማዎች እንድገጥምላት። ዓርብ፣ በስቅለት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ለመሳለም በእግሩ በሚጓዝበት መንገድ፣ ከመንደራችን ከኮርዶባ እስከ ቺማዮ ቤተ ክርስቲያን በእሷ እንድወስዳቸው ነው።

«አራት ቀን ብቻ ነው ያለን፣ አባባ» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ዓለምን ለመፍጠር ስንት ቀን ፈጀበት?»

«ስድስት።»

«እሱ ረዳት አልነበረውማ!» አሉና ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ።

የሐኪሙን ቃል ሁለታችንም ሰምተን ነበር። ሠላሳ ዓመት በማዕድን ጉድጓድ የዋጡት አቧራ ሳንባቸውን አድርቆታል፤ የቀራቸው ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር ነው። ከአፍንጫቸው ስር ቀጭን ቱቦ ታልፋለች፤ ቱቦዋ በሄዱበት ሁሉ እየተንከባለለ ከሚከተላቸው የኦክስጅን ሲሊንደር ጋር አስራቸዋለች። ስለዚህ «ለከርሞ እናደርገዋለን» ማለት አልችልም ነበር። ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረንም።

ሸቬሏ የስልሳ ዘጠኝ ሥሪት ናት። ሁለት በር፣ ቀለሟ የደረቀ በርበሬ፣ ሞተሯ ሲነሳ የወጥ ቤቱን ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ። እናቴን ለሠርጓ፣ እኔንና ወንድሜን ለክርስትናችን ያደረሰች እሷ ናት። አንድ ነውር ግን ነበረባት፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ነበረች፣ እንደ ፍየል አንገቷን ቀና አድርጋ። በእኛ ሸለቆ ጉልበተኛ መኪና ያለው ሰው ሞላዋን አሳጥሮ ዝቅ ያደርጋታል፤ ዝቅ አድርጎም ቀስ ብሎ ይነዳታል። ጉልበት ያለው ሰው አይሮጥም፣ ነው ነገሩ። አባቴም ዝቅ ሊያደርጓት ተነሥተው ያውቃሉ፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ ከኤሎይ ጋር።

ኤሎይ ታላቅ ወንድሜ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከደን እሳት አጥፊዎች ጋር ተቀጠረና በመጀመሪያ ደመወዙ አራት ጎማ ጭኖ መጣ። ሰፋ ያሉ፣ ጎናቸው ላይ ነጭ ጽሑፍ ያለባቸው። «ዝቅ ስትል የምትጫማው ይሄን ነው» አለ። በስድስተኛው ሳምንት የሚነድ ዛፍ ወደቀበት። አባቴ መሣሪያቸውን ሰበሰቡ፤ አራቱን ጎማ ለየብቻ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከአልጋቸው ስር ከተቱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ስሙ በተሰየመበት በቅዱስ ኤሎይ ቀን ያወጧቸዋል። ጨርቅ ናፍጣ ያስነኩና እንደ ጥቁር መስታወት እስኪያበሩ ይወለውሏቸዋል፤ ከዚያ መልሰው ይጠቀልሏቸዋል። በዚያ ቀን ማንም አያነጋግራቸውም።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። በየጠዋቱ ባትሪ ይዤ ጎማ እየዞርኩ የማይ ሰው ነኝ። እነዚያን አራቱን ግን አንድ ቀን እንኳ በሥራ ዓይን አይቻቸው አላውቅም። ለእኔ ጎማ አልነበሩም።

ማክሰኞ የሸቬሏን ፊት በክሪክ አንስቼ በብረት እግሮች ላይ አሳረፍኳት። አባቴ በጋራዡ በር ላይ ወንበር አስቀምጠው ሲሊንደራቸውን ከጎናቸው አቆሙ።

ሞላ ማውጣት ቀልድ አይደለም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ መኪና ተሸክሞ፣ ተጨምቆ የኖረ ብረት ነው። መውጫ ካገኘ ፊቱ የቆመውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። የአባቴ አበልጅ የኪሊኖ ታናሽ ወንድም ግራ ዓይኑን ያጣው እንደዚህ ነው፤ አባቴ ቆመው እያዩ።

«ሰንሰለት አሰርሽ?»

«አሰርኩ።»

«ደግመሽ እሰሪ።»

«ሁለት ዙር ነው ያሰርኩት፣ አባባ።»

«ሦስተኛው ለእኔ ነው። እሰሪ።»

ሦስተኛውን አሰርኩ። ሞላው የተቀመጠበትን የብረት ክንድ ከስር በክሪክ ደግፌ መገጣጠሚያውን በመዶሻ መታሁት። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። በአራተኛው «ጧ!» ብሎ ለቀቀ። ከዚያ ክሪኩን ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያልኩ ማውረድ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የክሪኩ ራስ በቅባቱ ላይ ሸተት አለ። ክንዱ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ወረደ፤ ሞላው እንደ እንስሳ ዘለለና ሰንሰለቱን ወጥሮ፣ ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ እየተንቀጠቀጠ ቀረ።

ሞላው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ሰንሰለቱን በእጄ ዳሰስኩት።

«ያቺ ሦስተኛዋ ናት» አሉ አባቴ።

ሞላውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጬላቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ዞሩበት፤ ከዚያ በነጭ ጠመኔ መስመር አሰመሩ።

«ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ ነው የሚቆረጠው። ሙሉ ዙር ጎረምሳ ነው የሚቆርጠው። በኤሎይ ጎማና በላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ጣት ተኩል ክፍተት ይቀራል።»

«እንዴት አወቁ? ጎማዎቹ ገና አልተገጠሙም።»

«አሥራ ሦስት ዓመት ስለካው ነው የኖርኩት።»

ለመቁረጡ ግን እሳቸው አጠገቤ መሆን አይችሉም። የመቁረጫው ዲስክ ብልጭታ ይረጫል፤ ኦክስጅን ደግሞ ብልጭታ አይወድም። ከወጥ ቤቱ መስኮት ኋላ ሄደው ተቀመጡ። በጋብቻ ቀለበታቸው መስታወቱን ይመታሉ፤ አንድ ጊዜ ከመቱ ቁሚ ማለት ነው፣ ሁለት ጊዜ ከመቱ ቀጥዪ። ብረቱ እንዳይግልና ጉልበቱ እንዳይሞት ትንሽ ቆርጬ እቆማለሁ፤ ውሃ አፈስበታለሁ፤ ወደ መስኮቱ አያለሁ። ሁለት ጊዜ፣ ጧ ጧ። እቀጥላለሁ። የተቆረጠው ቁራጭ መሬት ወድቆ ሲያቃጭል ወደኋላ መመለስ እንደሌለ ገባኝ። ሞላ ከተቆረጠ በብየዳ አይቀጠልም። የመኪናዋ ቁመት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በኤሎይ ጎማ ልክ ተወሰነ።

ማታ አራቱም ሞላዎች በቦታቸው ገብተው ነበር፤ የኋለኞቹ ቀላል ናቸው። የክንዶቹን ብሎኖች ግን አላጠበቅሁም። ይህ የአባቴ ሕግ ነው። መኪና በአየር ላይ እንደተንጠለጠለች ብሎን አይጠብቅም፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ ተጣሞ ይቀራልና። መጀመሪያ በእግሯ ትቆማለች፤ የሚሄዱባት ሰዎች እንደሚሄዱ ሆነው ይቀመጡባታል፤ ያኔ ነው ከስር ገብቶ የሚጠበቀው።

ረቡዕ አራቱን ጥቅልል በጎረቤት መኪና ጭኜ ኤስፓኞላ ከተማ ወረድኩ፣ ወደ ኪሊኖ ጎሚስታ ቤት። ሙሉ ስማቸው ትራንኪሊኖ ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራቸው ግን የለም። የኤሎይ የክርስትና አባት ናቸው።

«ምንድን ነው ብርድ ልብስ ያለበሽው፣ ሕፃን ነው?» አሉ ገና ሳልወርድ። «በዚህ ዕድሜሽ ጀመርሽ?»

«የኤሎይ ጎማዎች ናቸው፣ አጎቴ። ለዓርብ።»

ፈገግታቸው አልጠፋም፤ ግን እዚያው ደረቀ። አንዱን ፈቱት። አበራ። ገለበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ጎኑን እየጠረጉ ትንንሽ ቁጥሮች ፈልገው አገኙ።

«ሃያ ሁለት፣ ዜሮ ስድስት» አሉ። «በሁለት ሺህ ስድስት፣ በሃያ ሁለተኛው ሳምንት የተሠራ።»

«ለአንድ ቀን እንኳ አልተነዳም።»

 ጎማውን መሬት ላይ አስተኝተው ጎኑን በጉልበታቸው ተጫኑት። በነጩ ጽሑፍ ስር፣ ጥቁር መስታወት በመሰለው ላይ፣ ስንጥቆች ተከፈቱ። አንድ ሁለት አይደሉም፤ ዙሪያውን ነው። ጉልበታቸውን ሲያነሱ ስንጥቆቹ መልሰው ተዘጉና ጎማው እንደገና አዲስ መሰለ።

«በምንድን ነው የሚወለውለው?»

«በናፍጣ።»

ኪሊኖ ኮፍያቸውን አወለቁ። «በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

«ዝም ብሎ ቢተወው ራሱ አርጅቶ ነበር። ናፍጣው ደግሞ ውስጡን በላው። ሲንከባከበው ነው የገደለው፣ ልጄ።»

«አጎቴ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ጎማዎቹ ያንን ብቻ ይቻሉልኝ።»

«ዓርብ መንገዱ ዳር ምን አለ?»

ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ንገሪኛ! ምን አለ?»

«ሰው።»

«ሰው። በግራም ሰው፣ በቀኝም ሰው። ልጁን በትከሻው የተሸከመ፣ መስቀል የያዘ፣ በዱላ የሚሄድ አሮጊት። ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማ ቢፈነዳብሽ መሪው ወዴት ነው የሚጎትትሽ? ወደ ገደሉ ቢሆን እኮ ደግ ነበር! አንቺ የሰው ልጅ የምትጭኚ ሴት ነሽ፣ ዴልፊና። እኔ በእነዚህ ጎማዎች እጄን አላስገባም። ሌላም ጎሚስታ እንዳያስገባ ስልክ እደውላለሁ።»

«እሺ፤ ታዲያ ለአባባ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ?» ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። «የልጁ የክርስትና አባት? ከሰው ሁሉ የማልችለው እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ኪሊኖ በፒክአፓቸው ስድስት ጎማና አንድ ትልቅ ካርቶን ጭነው፣ የኤሎይንም አራቱን መልሰው መጡ። ለኋላ የሚሆኑትን ወዲያው አገኘን፤ ቁመታቸው ከኤሎይ ጎማዎች ጋር አንድ ነው። ጭንቁ የፊቱ ነበር። የፊት ጎማ ይዞራል፤ ዝቅ ባለች መኪና ላይ ሲዞር የፓራፋንጎውን ከንፈር ከነካ ቢላዋ እንደነካው ነው። ኪሊኖ ሁለት ዓይነት ይዘዋል፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠበብ ያለ። ካርቶኑን በሰፊው ልክ ቆርጠን በቦታው ያዝነውና መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞርኩ። ካርቶኑ ጥጉ ላይ ታጠፈ።

«ነካ» አሉ ኪሊኖ።

«ትንሽ ነው።»

«ትንሽ የሚባለው መኪናዋ ቆማ ስለሆነ ነው። ፍሬን ስትይዢ አፍንጫዋ ይደፋል። ያኔ ነው የምትለኪው።»

በጠባቡ ልክ ቆረጥን። መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረ። አልነካም፤ አንድ ጣት ቀረ። ለዓይን ግን ትልቅ ሰው የልጅ ጫማ ያደረገ ይመስላል፤ ኪሊኖም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለአንድ ቀን ይስቁባችሁ» አሉ። አባቴ ተኝተው ነበር። ቶሎ ቶሎ ብለን አራቱንም ገጠምንና መኪናዋን ወደ መሬት አወረድን። ስትወርድ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ ስታርፍ፣ ኪሊኖና እኔ የሐዘናችንን ነገር ረስተን «እሰይ!» አልን።

መስኮቱ ተመታ። አንድ ጊዜ።

አባቴ በሌሊት ልብሳቸው፣ በመስታወቱ ኋላ ቆመዋል።

ከመስኮቱ እስከ ጋራዡ ሃያ እርምጃ ነው። ለሃያ እርምጃ ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ። ሄጄ ክንዳቸውን እንድይዝ አልፈቀዱም። መኪናዋን ዞሯት። ከፊተኛው ጎማ ፊት ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በክፍተቱ አስገቡ።

«ይሄ የማን ጎማ ነው?»

«የኤሎይ ፓራፋንጎውን ይነካል፣ አባባ» አልኩ።

«አይነካም።»

«ለክተን ነው።»

«በሕይወቴ ሙሉ ዋሽተሽኝ አታውቂም፣ ዛሬ በጸሎተ ሐሙስ ጀመርሽ?» ወደ አበልጃቸው ዞሩ። «አንተስ? ምላስህን ጎማ ስር ነው የረሳኸው?»

«እኔ ካርቶን ያዥ ነኝ» አሉ ኪሊኖ መሬት መሬት እያዩ።

«ጎማዎቹን አምጧቸው።»

ከኪሊኖ ፒክአፕ ላይ አንዱን አወረድኩ።  

«አርጅተዋል፣ አባባ።»

«ፀሐይ አላዩ! መንገድ አልነኩ! ተኝቶ የኖረ ነገር እንዴት ያረጃል?»

እኔ ጎማውን አስተኛሁት። በጉልበቴ ተጫንኩት። ስንጥቆቹ ተከፈቱ።

አባቴ በአንድ እጃቸው ሲሊንደራቸውን፣ በሌላው የመኪናዋን ኮፈን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በአንዱ ስንጥቅ አስገቡ። እስከ ሥጋቸው ገባ። የሲሊንደሩ ፉጨት ብቻ ይሰማል። ጥፍራቸውን አውጥተው አሸተቱት።

«ናፍጣው ነው?»

ጉልበቴን ከጎማው አነሳሁ፤ ስንጥቆቹ ተዘጉ።

«ኪሊኖ፣ እኔ ነኝ?»

«ጊዜ ነው፣ አበልጄ። ጊዜ ያልበላው ምን አለ…»

«እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው።»

ኪሊኖ ከአጠገባቸው ተንበረከኩ። «ናፍጣውም አለበት» አሉ።

አባቴ ተነሡ። ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ ጊዜም አልቆሙም፤ እንዴት እንደቻሉ አላውቅም። ከደጃፉ ላይ ሆነው፣ ሳይዞሩ፣ «ነገ እናንተ ሂዱ። እኔ የምሄድበት የለኝም» አሉ።

የዚያን ቀን እህል አልቀመሱም። ጎረቤት የላከችልንን ፓኖቻ፣ ያንን ከበቀለ ስንዴ የሚሠራ የጾም ጣፋጭ፣ ሦስት ጊዜ አሙቄ ሦስት ጊዜ መለስኩት። በግድግዳው በኩል የሲሊንደሩን ፉጨት እያዳመጥኩ አደርኩ። ልጃቸውን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩባቸው እኔ ነኝ አልኩ። ያንን ጎማ በጉልበቴ ባልጫነው፣ ሌላ መንገድ ባገኝ፣ ጉንፋን ያዘኝ ብል፣ መኪናዋ አልነሳ አለች ብል። እስከ ዛሬ አንዳንዴ እንደዚያ አስባለሁ።

ጎህ ሲቀድ ጋራዡ ውስጥ ነበርኩ፤ ለምን እንደገባሁ አላውቅም። በሩ ተከፈተ። አባቴ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የሠርጋቸውን ባርኔጣ አድርገው፣ ሲሊንደራቸውን እየጎተቱ ገቡ።

«ያልጠበቀ ብሎን አለ አይደለም?»

«አለ።»

«እና ማን ይቀመጥባት ብለሽ ነው የተውሽው?»

በሩን ከፈትኩላቸው። ወንበሩ ላይ ሲያርፉ መኪናዋ ጥቂት ብቻ ዝቅ አለች። ከሚገባው በታች። ሁለታችንም አየን። ስንት ኪሎ ሰው እንደነበሩ አስታውሳለሁና።

«አንዱን አምጪው» አሉ። «ኋላ ወንበር ላይ። የሚሄድ ሁሉ ይቆጠር።»

አንዱን ጎማ ከነብርድ ልብሱ አምጥቼ ከኋላቸው፣ ኤሎይ ይቀመጥበት ከነበረው በኩል አስቀመጥኩት። በእኔ ወንበር ላይ በእኔ ልክ የአሸዋ ከረጢት ጫንኩ። ሐሙስ ስናወርዳት ጎማዎቿን በወፍራም ሳንቃ ላይ አሳርፈናቸው ስለነበር ከስሯ ለመግባት ከደረቴ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ነበረኝ። በጀርባዬ ገባሁ።

ብሎኖቹ ብዙ ናቸው። ቁልፉ በእያንዳንዱ ላይ ሩብ ዙር ብቻ ነው የሚዞርልኝ። ከላይ አባቴ ይስላሉ፤ ሲስሉ መኪናዋ ፊቴ ላይ ትነቃነቃለች። ሁለቱን ፊት ጨርሼ ወደ ኋላ ስሄድ ሳሉ በረታ። መኪናዋ እንደ ጀልባ ተናወጠች። ከዚያ ቆመ። ምንም የለም። ሳልም የለም፣ እንቅስቃሴም የለም። ፉጨቱን ለመስማት ትንፋሼን ያዝኩ፤ አልሰማሁትም።

«አባባ?»

ዝም።

«አባባ!» ለመውጣት ስሞክር ልብሴ በአንድ ብረት ተያዘ። ያዘኝ። ጎተትኩ፤ አልለቀቀኝም። ከላዬ ያለው የሬሳ ክብደት ነው ብዬ አሰብኩ። እዚያ ተኝቼ፣ እጄን ማንሳት ሳልችል፣ ይህን አሰብኩ።

በሩ ላይ ቀለበት ተመታ። ጧ፣ ጧ።

ቀጥዪ።

አለቀስኩና ቀጠልኩ። የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ እጄ ደም ነበር።

መንገዱ ኪሊኖ እንዳሉት ነው። ከኮርዶባ ወጥተን ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ሰዉ በግራና በቀኝ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዝ ያደረ ነው። መኪናዋን ሲያዩ አዛውንቶቹ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ፤ አባቴም በመስኮት ሁለት ጣት ያነሳሉ። «ጎማሽ ጠበባት፣ እሜቴ!» አለ አንድ ጎረምሳ። «አፍህ ሰፋብህ!» አሉት አባቴ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቴን ከሰው እርምጃ ጥቂት በለጥ አደረግሁት። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከቁመቱ የሚበልጥ የእንጨት መስቀል ተሸክሞ ከፊታችን በቀኝ ይሄዳል። መስቀሉ ግርጌው አስፋልቱን እየፋቀ ነበር። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ከእሱ ኋላ ትከተላለች። የመስቀሉ ግርጌ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ዞረ፣ ተንገዳገደ፣ ከነመስቀሉ መሐል መንገድ ላይ ወደቀ። ሴትየዋ እሱን ለመሸሽ ወደ እኔ ገባች።

ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ፤ መሪውን ወደ ግራ እስከ ጫፉ ጠመዘዝኩ። የመኪናዋ አፍንጫ ተደፋ። ያንን ድምፅ ጠበቅሁ፤ ብረት ጎማን ሲቆርጥ የሚወጣውን፣ ከዚያ ደግሞ ፍንዳታውን። በግራዬ ሌላ የሰው ረድፍ አለ፤ ፊታቸውን አያለሁ፤ አንድ ሽማግሌ እጁን ወደፊት ዘርግቷል፣ መኪናዋን በመዳፉ ሊያቆም። ጎማዎቹ ጮኹ። አልተንሸራተቱም፤ መሬቱን ነከሱ። መኪናዋ ቆመች። ከሽማግሌው መዳፍ እስከ ኮፈኑ አንድ ክንድ አይሞላም፤ ሴትየዋም ልጇን ጨምቃ በቀኜ መስኮት አጠገብ ቆማለች።

ከኋላ ወንበር የኤሎይ ጎማ ተንከባልሎ ወርዶ ወለሉ ላይ ነበር።

አባቴ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ሕፃኑን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ያዘ» አሉ።

«ያዘ፣ አባባ።»

«የእሱ ቢሆን ኖሮ…» አሉና አልጨረሱም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ እስከ ቺማዮ እንደዚያ ሄዱ።

ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ምን እንዳሉ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ቤት እንደተመለስን ወንበራቸውን ግቢው ውስጥ አስወጡና ቢላዋ ጠየቁኝ፣ በግ የምናርድበትን።

«ለምን?»

«እኔ ስሞት ሰው ይመጣል። ከአልጋ ስር ይፈልጋል። አዲስ ጎማ አገኘሁ ይላል።»

«እኔ አለሁ። እነግራቸዋለሁ።»

«ለእኔ አልነገርሽኝም» አሉ። በቁጣ አልነበረም። «ስታይው ያምራል። እኔ ጥፍሬን ባላስገባ አላምንሽም ነበር።»

እኔ ልቁረጥልዎት ስላቸው እንቢ አሉ። ጎማውን በእግሮቻቸው መካከል አቁመው ቢላዋውን በጎኑ አስገቡ። በአንዱ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ትንሽ ይቆርጣሉ፤ ይተነፍሳሉ፤ ደግሞ ይቆርጣሉ። እንደ ሞላው ነበር። ሦስቱን እንደዚያ ጨረሱ፤ ሲጨርሱ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። አራተኛው ገና መኪናዋ ወለል ላይ ነው። ወደዚያ አዩና ቢላዋውን በእጀታው በኩል ሰጡኝ።

«እሱን አንቺ።»

«እሺ» አልኩ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ኪሊኖና እኔ አስከሬናቸውን ተከትለን በሸቬሏ ሄድን፤ በእነዚያ በጠበቡት ጎማዎች። የክንዶቹን ብሎኖች ከዚያ ወዲህ አልነካኋቸውም።

አራተኛውን ግን አልቆረጥኩም። ብርድ ልብሱን መልሼ አለበስኩትና ከአልጋዬ ስር ከተትኩት። ናፍጣ አላስነካሁትም። ነገ እላለሁ፤ ነገ ሲደርስ ደግሞ በቅዱስ ኤሎይ ቀን እላለሁ። ሁለት ዓመት እንደዚያ አለፈ።

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ የከብት ተጎታቹ ጎማ ተንፍሶበት መጣ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢው መሐል ነበር፤ ብርድ ልብሱ ደጃፉ ላይ ተጥሏል፤ እሱ ጎማውን እያንከባለለ ወደ በሩ ይሄዳል። «ዴልፊ፣ አዲስ ጎማ ደብቀሽ ትኖሪያለሽ?» አለኝ እየሳቀ። «ማክሰኞ እመልስልሻለሁ።» ሁለቱ ልጆቹ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጠው እጃቸውን ያወዛውዙልኛል።

ከእጁ ነጠቅሁት። ያበድኩ መስሎት ቆሞ አየኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ቢላዋውን ይዤ ወጣሁ፤ ልጆቹ ማወዛወዛቸውን አቆሙ።

ቢላዋውን ለማስገባት እንኳ ከባድ ነው። አባቴ በዚያ ትንፋሽ ሦስቱን እንዴት እንደቻሉት ያኔ አልገባኝም ነበር። ነጩ ጽሑፍ ከመሐሉ ተቆረጠ። ከዚያ ለአክስቴ ልጅ ስንጥቆቹን አሳየሁትና ጥፍሩን እንዲያስገባ አደረግሁት፤ ጎማ እንዲገዛም ወደ ኪሊኖ ላክሁት።

ብርድ ልብሱን አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣሁት።